የትርንጎ ልጆችና የመሻገሪያው ማሳ

በአንድ ወቅት፣ መቼ ነው ብላችሁ አታድርቁኝ እንጂ፣ አባይ በረሃን ቁልቁል በሚያይ ወይራ አፋፍ በሚባል መንደር የሺሐረግ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ሦስት ልጆች ትቶላታል። የመጀመሪያው ወንድይራድ ሙግት አዋቂ ነው። የፈረደበት ዳኛ እንኳ ቤቱ ከገባ በኋላ «ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» እያለ የሚገላበጥበት ምላስ ነበረው። ሁለተኛው ብዙአየሁ በአህያ ጨውና በርበሬ እየጫነ ገበያ ለገበያ ይዞራል፤ ከሰው ይልቅ ከአህዮቹ ጋር ያወራል። ሦስተኛዋ ስመኝ ናት፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣውም በእሷ ነው።

ስመኝ ታጭታለች። እጮኛዋ ልመንህ የአያ ደለለኝ ልጅ ነው። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ በዚያ አገር ይህን ማንም ባይጠይቅም ይዋደዳሉ። ጌሾው ተወቅጧል፤ ብቅሉ ተፈጭቷል፤ ዳስ የሚጥሉት ጎረምሶች እንጨት ቆርጠው አጋድመዋል። የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነበር።

ዘር መቁጠር እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ሙሽራውና ሙሽራዋ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙበት አያት ከተገኘ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው፤ ብቅሉም ለከብት ይሰጣል። የልመንህ ወገን ተቆጠረ። የስመኝም በአባቷ በኩል ተቆጠረ፤ የትም አይገናኝም። «በእናቷ በኩልስ?» ሲባል ግን ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሺሐረግ በክፉው ዘመን፣ ረኃብ አገር ባጠፋበት ጊዜ፣ ከአባይ ማዶ በነጋዴ አህያ ተጭና የመጣች ሕፃን ናት። ሩቅ ቀበሌ ያለች አንዲት መካን ሴት አሳደገቻት፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ወደ ወይራ አፋፍ ዳረቻትና ሞተች። ከዚያ ወዲያ የሚታወቅ ነገር የለም። የሺሐረግ ተብላ አንዲት ሐረግ እንኳ የሌላት ሴት!

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም» አሉ አያ ደለለኝ። «ግን ልጄን ለእህቱ አልድርም። ክረምቱ ሳይገባ ቆጥራችሁ አምጡ። ካልሆነ ሌላ ቤት እንጠይቃለን።»

ስመኝ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ልመንህ ደጅ ላይ ቆሞ አጥሩን ሲነቅል ዋለ። አሁን እናንተን ልጠይቃችሁ። እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ? ሴትዮዋ እኮ አልሞተችም! ምሰሶው ሥር ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች። ጆሮዋ ይሰማል፤ አፏ ይናገራል፤ እንዲያውም ደህና አድርጎ ይናገራል። ታዲያ ከእሷ አይጀመርም? አይጀመርም! ሰው ዘሩን ፍለጋ ሲነሳ ከራሱና ከእናቱ መጀመር ውርደት ይመስለዋል። መሰላሉን ከላይኛው እርከን ካልጀመርኩ ብሎ ይንጠለጠላል።

ወንድይራድም እንዲሁ ተንጠለጠለ። የሰባ ሙክት አስጎትቶ አለቃ ጥበቡ ዘንድ ሄደ። አለቃ ጥበቡ በዚያ አውራጃ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ሄዶ የገበሬ ዘር ነህ ተብሎ የተመለሰ ሰው እኔ አላየሁም፤ አይቻለሁ የሚል ካለም ሙክቱ ከስቶበት ይሆናል።

«የእናትህ ስም ማን ነበር?» አሉ አለቃ።

«የሺሐረግ።»

«ከወዲያ ማዶ የመጣች?»

«አዎን።»

አለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡት ሁሉም ነገር ተገኝቷል። የሺሐረግ የምትባል የትልቅ ሰው ልጅ በክፉው ዘመን ጠፍታ ነበር፤ ሌላ ማን ልትሆን ትችላለች? ወንድይራድ ሲመለስ አረማመዱ ተለውጦ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱን ሰላም ሲል በአገጩ ብቻ ሆነ።

በቀጠሮው ቀን የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አለቃ ጥበቡ መሐል ተቀምጠው፣ አጥንት እየጋጡ፣ ቁጥሩን አወረዱት። «የስመኝ እናት የሺሐረግ፤ የሺሐረግ የወይዘሮ በላይነሽ፤ በላይነሽ የፊታውራሪ እንግዳ፤ እንግዳ የግራዝማች ሣህሉ፤ ሣህሉ የደጃዝማች መርሻ!»

ወንድይራድ ዙሪያውን ቃኘ። አያ ደለለኝ ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ደጃዝማች ማን?»

«መርሻ።»

«የኛው መርሻ? የልጄ አምስተኛ አባት?»

ለስመኝም አምስተኛ፣ ለልመንህም አምስተኛ! ሰባት ቤት ሊሞላ ሁለት ይቀረዋል። አያ ደለለኝ እኮ የደጃዝማች መርሻ ዘር ነኝ እያሉ ሲፎክሩ ጸጉራቸው ሸብቷል። የእሳቸውን ዘር ማን የቆጠረላቸው ይመስላችኋል? ያው አለቃ ጥበቡ ናቸዋ! አለቃ ለሁሉም የሚሰጡት ያንኑ አንድ ደጃዝማች ነው። አሁን ከሁለት አንዱ ወገን «የኔ ውሸት ነው» ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። ማን ይበል? አያ ደለለኝ ደጃዝማቻቸውን ሊለቁ ነው? ወንድይራድ ገና ትናንት ያገኘውን ሊመልስ ነው? ሁለቱም ዝም አሉ። አለቃም አጥንታቸውን መጋጥ ቀጠሉ። ሁለት የማይዛመዱ ልጆች በሁለት ሰዎች ኩራት የተነሳ ወንድምና እህት ሆነው ዋሉ።

ስመኝ ከጓዳ ሆና ሰማች። በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም፤ ተናደደች። ሰው ከተበተነ በኋላ እናቷ አጠገብ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እምዬ፣ ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?»

እንዝርቱ ቆመ።

«ዛሬ ገና?» አለች የሺሐረግ።

«ምን ዛሬ ገና?»

«እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ገባሁ፤ ወለድኩ፤ አሳደግሁ፤ ባሌን ቀበርኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ ማነሽ ብሎኝ አያውቅም። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነበር፤ እሱም አልጠየቀኝ። ያ ወንድምሽ ደግሞ እኔን እዚህ ጎልቶ እኔን ፍለጋ ሙክት ይጎትታል!»

«የሺሐረግ መሆንሽን እናውቃለን ብለን ነዋ!»

«የሺሐረግ አያትሽ ያወጣችልኝ ስም ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ናት ያወጣችልኝ። እኔ ትርንጎ ነኝ።»

እዚህ ላይ ካልተናደድኩ የት ልናደድ? በዚያ አገር ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ወንድይራድ ያውቃል፤ የገዛ ሚስቱን ስም ያወጣችው የገዛ እናቱ ናት። አለቃ ጥበቡ ያውቃሉ። ሸንጎ የተቀመጠው ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። አውቀውም ወይራ አፋፍ ላይ በወጣ ስም አባይ ማዶ ዘር ፈለጉ፤ አገኘንም አሉ!

ስመኝ ግን ጀምራለችና አላቆመችም። «አባትሽስ? ስማቸው ማን ነበር?»

«አላውቀውም። እናቴ በስሙ አትጠራውም። የዛሬን አያድርገውና ያኔ ሚስት የባሏን ስም ትጠራለች እንዴ? ‹እሳቸው› ነበር የምትለው። እኔም ስሙ ‹እሳቸው› ይመስለኝ ነበር።»

«ሌላ የምታስታውሽው ነገር የለም? ምንም ይሁን ምን።»

«ጸጉሩ አይደርቅም ነበር።»

«ምን?»

«የአባቴ ጸጉር። ጠዋትም ማታም እርጥብ ነው። ሲያቅፈኝ አንገቴ ውስጥ ይንጠባጠብብኛል። የሰው አባት ሁሉ እርጥብ ይመስለኝ ነበር። ወዲህ መጥቼ ደረቅ ጸጉር ያላቸው አባቶች ሳይ አለቀስኩ።» ክሯን በጣቷ ጠቀለለችና ቀጠለች። «እናቴ ጡት የሚጠባ ወንድሜን አቅፋ ቀረች። እኔን ውኃውን ያሻገረኝ አባቴ ነው። በነጋዴዎቹ አህያ ላይ አስቀመጠኝና ‹ዝናቡ ሲያባራ መጥቼ እወስድሻለሁ› አለኝ። አልመጣም። ስንት ዝናብ አባራ፤ አልመጣም።»

«ስምሽንስ እንዴት ሳትረሽው ቀረሽ?»

«ስፈትል ለብቻዬ እጠራዋለሁ። ትርንጎ፣ ትርንጎ እላለሁ። እኔም ከረሳሁት ሲመጣ ማን ብሎ ይጠይቃል?»

ስመኝ ወንድሞቿን ጠርታ የሰማችውን ነገረቻቸው። ወንድይራድ ሳቀ። «ደጃዝማች አምጥቼ፣ እናንተ እርጥብ ጸጉር ታመጣላችሁ? ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ዘር ነው?» አለ። ብዙአየሁ አልሳቀም። ገበያ ለገበያ ሲዞር አባይን ስንት ጊዜ ተሻግሯል። ነጋዴውን በተነፋ አቁማዳ ላይ አድርገው፣ እነሱ እየዋኙ የሚገፉ ሰዎች አሉ። ወንዙ እስካልሞላ ድረስ ከውኃ አይወጡም።

«አሻጋሪ ነው» አለ ብዙአየሁ።

በርበሬው ዋጋ በሚያወጣበት ወቅት አህዮቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ቁልቁል ወረደ። ከአንዱ መሻገሪያ ወደ ሌላው በወንዙ ዳር ሄደ። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ ወባው ሰው አይመርጥም። አንዱ ዘንድ ሲጠይቅ ይስቁበታል፤ ሌላው ዘንድ ሰላይ ነህ ብለው ሊያስሩት ይቃጣሉ። እግሩ አብጦ በሽመል ሲራመድ ከአንድ መሻገሪያ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ የነጋዴ ኮርቻ በአቁማዳ ላይ እየገፉ ከውኃው ሲወጡ አየ። ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠባል። ብዙአየሁ ሽመሉን ተደግፎ ቀረባቸው።

«አባትዎም አሻጋሪ ነበሩ?» አለ።

«አያቴም።»

«እህት ነበረችዎት? ትርንጎ የምትባል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ማበስ አቆሙ። «ማን ነገረህ?»

«ልጇ ነኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ያቀፉት መስሏችኋል? ጭራሽ! «ስማ አንተ» አሉት። «እህቴ በክፉው ቀን ሞታለች። የወሰዷት ነጋዴዎች አልተመለሱም። አምና አንዱ መጥቶ የአጎትህ የልጅ ልጅ ነኝ አለኝ፤ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ያባቴን መሬት እኩሌታ ይዞ ሄደ። ዘር ቆጥሮ የሚመጣ ሁሉ የሚፈልገው መሬት ነው። የሞተች እህቴን ስም ከየት ለቅመህ እንደመጣህ እንጃ፤ ሂድልኝ!»

እዚህ ላይ አፍ የሚያስፈልግ ነበር። ብዙአየሁ ደግሞ እግር እንጂ አፍ አልተሰጠውም። ቆሞ ቆሞ ተመለሰ።

«አገኘሁት» አለ ቤት ሲደርስ። «አጎታችን ነው።»

«ታዲያስ?» አለ ወንድይራድ።

«እምቢ አለ።»

«ስሙስ ማነው?»

«እምቢአለ።»

«እሱንማ ሰማሁ! ስሙን ነው የጠየቅሁህ!»

ስሙ እምቢአለ መሆኑ እስኪገባው ድረስ ሁለቱ ሊደባደቡ ደርሰው ነበር። እናታቸው «በቅሎ ላይ ጫኑኝና ልሂድ፤ እኔን ካየ ያምናል» አለች። «በዚህ ጉልበትሽ? ቁልቁለቱ ለፍየልም አይሆን!» ብለው ዝም አሰኟት። ስለ ቁልቁለቱ እውነታቸውን ነው። ዝም ስለማሰኘቱ ግን፣ ለምዶባቸዋል።

ወንድይራድ ያን ሳምንት ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። ደጃዝማቹን ሲያስብ ይኮራል፤ የእህቱን ፊት ሲያይ ያፍራል። በመጨረሻ ነጠላውን አጣፍቶ ወረደ። ወንዙን ተሻግሮ ከአሻጋሪዎቹ መንደር እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከደጀሰላሙ በር ላይ ካለችው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር። እንደ ሙግት ቤቱ ነጠላውን አውርዶ መሐል ቆመ።

«አንድ ደጃዝማች አያት ነበረኝ» አለ። «ጥዬው መጣሁ።»

ሳቁ። አያ እምቢአለ ግን አልሳቁም። «አንተም መሬት ፈላጊ ነህ?» አሉት።

ወንድይራድ አልተሟገተም። ይህን ነው የማደንቅለት፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲሟገት የኖረ ሰው በዚያን ሰዓት አልተሟገተም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዶ እጁን መቃኑ ላይ አደረገ። «እኔ ወንድይራድ፣ ከዚህ ወገን መሬት አንዲት ጋት ብጠይቅ፣ ልጅ አይውጣልኝ፤ ዘሬ ይጥፋ። የመጣሁት እናቴ ማን እንደሆነች ለማወቅ፣ እህቴን ለመዳር ነው።»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ፣ አያ እምቢአለም ጭምር፣ ተነሳ። ዘር ፍለጋ የመጣ ሰው በገዛ ዘሩ ማለ! ከዚህ በላይ ምን ማስያዣ አለ? ሽማግሌዎቹ ተያዩና ትልቁ ቁጥሩን ጀመሩ። የትርንጎ አባት አየለ ነው፤ አሻጋሪ። የእሱ አባት ቢተው፤ አሻጋሪ። የእሱ አባት ሰንደቄ፤ አሻጋሪ። እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ሁሉም አሻጋሪ ነው። ፊታውራሪ የለ፣ ግራዝማች የለ፤ እርጥብ ጸጉር ብቻ። አየለ ደግሞ በዚያው በክፉው ዓመት ክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣ የተራቡ ሰዎች ሲያሻግር ሰጥሟል።

ወንድይራድ ይህንን ይዞ ተመለሰ። ሌላውን ከመናገሩ በፊት እናቱ እግር ሥር ተቀመጠ። «እምዬ፣ ሳይመጣልሽ የቀረው ሰጥሞ ነው» አላት። ትርንጎ እንዝርቷን አስቀመጠች። በዚያ ዕድሜዋ ገና አባቷ ትናንት እንደሞተባት ሴት አለቀሰች፤ ሰፈሩም መጥቶ ለቅሶ ተቀመጠ። ዕድሜ ልኳን ጥሎኝ ቀረ ስትል ነበር የኖረችው።

ከዚያ ወንድይራድ አያ ደለለኝ ዘንድ ሄደ። «ደጃዝማቹን ለእርስዎ መልሻለሁ፤ የኛ አልነበረም» አለና የአሻጋሪዎቹን ቁጥር አወረደ። አያ ደለለኝ እስከ ሰባት ድረስ በጣታቸው ተከተሉት። አንድም ቦታ አልተገናኘም። «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ ደስ ብሏቸው። «በኛ ዘር ውስጥ አሻጋሪ የሚባል የለም።»

ስመኝና ልመንህ ተጋቡ። መልስ በተጠራ ዕለት አያ እምቢአለ ወንዙ ሳይሞላ ብለው ዳገቱን ቀኑን ሙሉ ወጥተው ደረሱ። እህትና ወንድም ዳሱ በር ላይ ተገናኙ። እሳቸው ጡት ሲጠቡ የተለየቻቸው ናትና አያስታውሷትም። እሷ ግን እጇን ሰዳ ራሳቸውን ዳበሰች።

«ደርቋል» አለች።

«ዳገቱ ነው ያደረቀው» አሏት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ይበላ፣ ይጠጣ፣ ይጨፈር ነበር። ደግ ሰው ግን ነገር ሳያመጣ አይሄድም። አያ እምቢአለ ከምሳ በኋላ ብድግ አሉ።

«ልጅ አልወለድኩም» አሉ። «ከአባቴ የቀረኝ መሻገሪያው ላይ ያለች አንዲት ማሳ ናት። እህቴን ላገኘልኝ ሰው ሰጥቻለሁ። ለአንድ ሰው ነው የምሰጠው፤ ማሳዋ ጠባብ ናት። ከተቆረሰች በሬ አይዞርባትም።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ሰላም ያለው መልስ ያንጊዜ አበቃ።

«ያገኘሁዎት እኔ ነኝ» አለ ብዙአየሁ። ያን ዕለት እንኳ አፍ አወጣ። «ወንዙን ሙሉ በእግሬ የለካሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልሄድ እናታችን ጥጥ ስትፈትል ትሞት ነበር።»

«ሄደህ ምን ይዘህ መጣህ?» አለ ወንድይራድ። «ውሻ እንደነከሰው ተመለስክ። የተዘጋውን በር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ በዘሬ ምዬ የከፈትኩት።»

«ምለሃላ! መሬት አልፈልግም ብለህ አልማልክም?»

«ብጠይቅ ብዬ ነው የማልኩት። ጠየቅሁ? ሲሰጡኝ መቀበል መጠየቅ ነው?»

ከተጋባዦቹ መሐል የነበሩት ካህን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና፣ አሰቡና፣ መልሰው ዘጉት። እሳቸው ከዘጉት እኔ ምን ልበላችሁ?

«ሁለታችሁም ከየት ተነሳችሁ?» አለች ስመኝ ከሙሽራ መቀመጫዋ። «አንዱ ደጃዝማች ሲያሳድድ፣ አንዱ አህያ ሲነዳ፣ እምዬን የጠየቅኋት እኔ ነኝ። አሻጋሪ ብሎ ለማወቅ መጀመሪያ እርጥብ ጸጉር የሚለውን መስማት ያስፈልግ ነበር።»

«እውነቷን ነው!» አሉ አያ ደለለኝ። ማሳው ወደ ልጃቸው ቤት ሲመጣ በዓይናቸው ታይቷቸዋል። «ፍርዱ ግልጽ ነው። ማሳው ለአሰገደች ይገባል!»

ትርንጎ ቀና አለች። «አሰገደች ማናት?»



«ምን ማለትሽ ነው?» አለች የልመንህ እናት። «ልጅሽ ናታ! ስም አወጣሁላት። ወግ ነው።»

«ወይ ጉዴ!» አለች ትርንጎ። ብድግ ስትል ፊት ለፊቷ ያለው ሞሰብ ተንገዳገደ። «ገና ሳምንት ሳይሞላት! ነገ ልጆቿ ሙክት እየጎተቱ አለቃ ዘንድ ይሂዱላ! አሰገደችን አያችሁ ወይ እያሉ አገር ይዙሩላ!» ከዚያ ወደ ልጆቿ ዞረች። «እናንተ ደግሞ እኔ ነኝ ያገኘኋት፣ እኔ ነኝ ያገኘኋት ትላላችሁ። እኔ መቼ ጠፋሁ? እዚሁ ምሰሶ ሥር ነበርኩ! አንተ የሄድክበት ስም የማን ነው? አንተስ የማልክበት? አንቺስ የጠየቅሽው? ጸጉሩንም ስሜንም ይዤ የኖርኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይሰማኝ ይዤ የኖርኩ! ማሳው የአባቴ ነው፤ እህቱንም ያገኘሁለት እኔ ነኝ።»

አንዱ «ትርንጎ እውነቷን ነው» አለ። ሌላው «ራሷን ራሷ አገኘች ይባላል እንዴ?» ብሎ መለሰ። ሦስተኛው የመሐላውን ነገር እንደገና አነሳ። ጠላው አለቀ፤ ክርክሩ አላለቀም። አያ እምቢአለ አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ አመሹና በማግሥቱ ደመናውን አይተው ተነሱ።

«ወንዙ ሊሞላ ነው» አሉ። «እስከ መስከረም ማንም አይሻገርም። ሲጎድል አንድ ሰው ላኩልኝ። ማሳው ዳር ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ዘነበ፤ እነሱም ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩ። መስከረም ጠባ፤ ወንዙ ጎደለ። አያ እምቢአለ ጸጉራቸው እየተንጠባጠበ ወደ ዳገቱ ያያሉ። አፋፉ ላይ ደግሞ አራት ሰው ቆሞ ይጨቃጨቃል።

እኔ ይህን ነገር በተናገርኩበት ሁሉ ሰው ቶሎ ይመልሳል፤ ቶሎ መመለሱ ነው የሚያናድደኝ። «ለአራቱ ይካፈል» የሚል ካለ በሬ አይዞርበትም ብያለሁ፤ አልደግመውም። «ለእናትየው ይሰጥና ከእሷ ይውረሱ» የሚል ካለም፣ ክርክሩን ወደ ተዝካሯ ዕለት ማዛወሩ ነው፤ አላመሰግነውም። ደግሞም ከመናገራችሁ በፊት፣ የእናታችሁን እናት ስም፣ አማቷ ያወጣችላትን ሳይሆን የመጀመሪያዋን፣ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይናገር።

ምነው ዝም አላችሁ?

እሺ፤ እሱን ቤታችሁ ስትገቡ ትጠይቃላችሁ። አሁን ግን ሳትነሱ ይህን ፍረዱልኝ፤ አሻጋሪው ቆመው እየጠበቁ ነው። ስሟን ሳትረሳ ለኖረችው፣ እናቷን ለጠየቀችው፣ ወንዙን በእግሩ ለሄደው፣ ወይስ በዘሩ ለማለው፣ ማሳው ለማን ይገባል?